የታዳጊ ሯጮች ድካም፣ የቫይታሚን እንክብልና የደም ምርመራ፦ ከድሬዳዋ የቀረበ ጥያቄ

የሳቢያን አሰልጣኝ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በድሬዳዋ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ ታዳጊዎችን በመካከለኛ ርቀት ሩጫ አሠለጥናለሁ። ከልጆቹ መካከል አንዲት የ15 ዓመት የ1,500 ሜትር ሯጭ አለች። ልምምዷን አንድም ቀን ሳታቋርጥ ከጥቂት ወራት ወዲህ ሰዓቷ እየረዘመ መጥቷል፤ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ቤቷ ደረጃ ስትወጣም ልቧ በኃይል እንደሚመታ ነግራኛለች። በፊት እንዲህ አልነበረችም።

አባቷ ይህን ሲሰሙ ሦስት ነገር ገዝተው አመጡልኝ፦ አንድ ብልቃጥ መልቲቫይታሚን፣ የአይረን እንክብል፣ እንዲሁም «ኃይል ሰጪ» የተባለ፣ በውስጡ ምን እንዳለ በግልጽ ያልተጻፈበት ዱቄት። ሦስቱንም በቁም ሣጥን ቆልፌባቸው እስካሁን ምንም አልሰጠኋትም። ነገር ግን ሌሎቹ ወላጆች ጉዳዩን ሰምተው «ለእኛስ ልጅ?» ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ ልጠይቃችሁ የምፈልገው እነዚህ እንክብሎች የታዳጊን የሩጫ ብቃት በእርግጥ ይጨምራሉ ወይ የሚለውንና፣ የዚህችን ልጅ ድካም ምክንያት ለማወቅ ከምን መጀመር እንዳለብኝ ነው። በሙያው ያላችሁ ሰዎች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የከዚራው ፋርማሲስት

አሰልጣኝ፣ ዱቄቱን ቆልፈው መያዝዎ ተገቢ ነው። ስለ እሱ ሌላ ሰው ይመለስበት ይሆናል፤ እኔ ስለ እንክብሎቹ ልናገር።

ቫይታሚን በራሱ ኃይል አይሰጥም። ኃይል የሚገኘው ከካርቦሃይድሬት፣ ከስብና ከፕሮቲን ሲሆን፣ የቢ ቤተሰብ ቫይታሚኖች ሥራ ሰውነት ያንን ምግብ ወደ ኃይል በሚቀይርበት ጊዜ ኤንዛይሞችን ማገዝ ነው። በዚህም ምክንያት ቫይታሚኑ የጎደለው ሰው ሲያገኘው በግልጽ ይሻሻላል፤ ያልጎደለው ሰው ግን እጥፍ ቢወስድ እጥፍ አይሮጥም። መልቲቫይታሚን በጀመሩ ማግሥት የልጃቸው ሽንት ደማቅ ቢጫ መሆኑን አይተው «መድኃኒቱ መሥራት ጀመረ» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ያ ቀለም የሚያሳየው ሰውነት ያልፈለገው ቫይታሚን ቢ2 በኩላሊት በኩል እየተወገደ መሆኑን ነው። ገንዘባቸው በሽንት ወጣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በውኃ የሚሟሙት ቫይታሚኖች ትርፋቸው በአብዛኛው እንዲህ ይወገዳል። በስብ የሚሟሙት ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ግን በሰውነት ውስጥ ስለሚከማቹ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከ14 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የቫይታሚን ዲ የቀን ፍላጎት 600 ዓለም አቀፍ ዩኒት ሲሆን ጣሪያው 4,000 ነው፤ ከእንስሳት ምግብ ወይም ከእንክብል የሚገኘው ቫይታሚን ኤ ደግሞ በቀን ከ2,800 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ሁለት ሦስት ዓይነት ብልቃጥ በአንድ ጊዜ የሚወስድ ልጅ ሳያውቀው ወደዚህ ጣሪያ ሊጠጋ ይችላል።

አይረንን በተመለከተ፣ በዚህ ዕድሜ ሴት ልጅ በቀን 15 ሚሊግራም፣ ወንድ ልጅ ደግሞ 11 ሚሊግራም ያስፈልጋቸዋል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ 45 ሚሊግራም ነው። በተለምዶ የሚሸጠው ባለ 325 ሚሊግራም የፌረስ ሰልፌት እንክብል በውስጡ 65 ሚሊግራም ያህል ንጹሕ አይረን ይይዛል። ስለዚህ ያ እንክብል የምግብ ማሟያ ሳይሆን ሕክምና ነው፤ እንደ ሕክምናም ምርመራ ይቅደመው።

ላብራቶሪ ዘጠኝ

ፋርማሲስቱ ባነሡት ላይ ልጨምር፤ የዕለት ሥራዬ ይኸው ነውና።

የነገሩን ምልክቶች፣ ማለትም የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ መምታትና ያለ ምክንያት የሰዓት መርዘም፣ በታዳጊ ሴት ሯጭ ላይ ሲታዩ መጀመሪያ የሚታሰበው የአይረን እጥረት ነው። ወር አበባ የጀመረች ልጅ በየወሩ ደም ታጣለች፤ በዚያ ላይ ሰውነቷ እያደገ ስለሆነ ተጨማሪ ደም መሥራት ይኖርበታል፤ ልምምዱ ደግሞ ጥቂት አይረን በላብና በአንጀት በኩል ያስወጣል። ብዙ ቦታ የሚታዘዘው ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ብቻ ነው። ሄሞግሎቢን ግን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያ የሚሟጠጠው በፌሪቲን የሚለካው የአይረን ክምችት ሲሆን፣ ሄሞግሎቢኗ «ደኅና» የተባለላት ልጅ ፌሪቲኗ ወለል ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም እንዲያዝላት ሐኪሙን ይጠይቁት።

የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ በሆነ ታዳጊ ላይ ፌሪቲን በሊትር ከ15 ማይክሮግራም ሲያንስ እጥረት ይለዋል፤ ብዙ የስፖርት ሐኪሞች ደግሞ ለሯጮች ከ30 በታች ሲሆን መከታተል ይጀምራሉ። ፌሪቲን ግን አንድ ጠባይ አለው፦ ሰውነት ሲቆጣ፣ በወባ ወይም በሌላ ትኩሳት ጊዜ፣ በሐሰት ከፍ ይላል። ስለዚህ ልጅቷ በታመመችበት ሳምንት ወይም በከባድ ልምምድ ማግሥት ደም አይወሰድላት።

ወባን በስም የጠራሁት በከንቱ አይደለም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 በበጋ ወቅት ያልተለመደ የወባ ወረርሽኝ ገጥሟት ነበር፤ ለዚህም ምክንያት ሆኖ የተገኘው በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የሚራባው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለ የትንኝ ዝርያ ነው። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ መንጠቆ ትል ከአንጀት ደም ይመጥጣል፤ ቢልሃርዚያም ለደም ማነስ ምክንያት ይሆናል። ከታች ቀዳዳ ያለው ሰው ላይ አይረን ማፍሰስ ምን ጥቅም አለው? የደም ፊልም (ወባን በአጉሊ መነጽር የሚፈልገው ምርመራ) እና የሰገራ ምርመራ ከፌሪቲኑ ጎን ይታዘዙ።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር ሰውነቱ ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ስለሚሠራ፣ ደም ማነስ የሚባልበት መስመርም አብሮ ከፍ ማለት አለበት። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። ስለሆነም በመስመሩ ላይ የቆመ ውጤት፣ በተለይ ሐረር ለሚኖር ልጅ፣ «ደኅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

የለገሃር አባት

አሰልጣኝ፣ በድሬ ልማድ አንተ ብዬህ ልቀጥል፤ አክብሮት የጎደለኝ እንዳይመስልህ።

የባለሙያዎቹን ቃል አከብራለሁ፤ ግን እንደ ወላጅ ልከራከር። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ እግር ኳስ ይጫወታል። ባለፈው ዓመት መልቲቫይታሚን ከጀመረ ወዲህ ፍጥነቱም ጉልበቱም በግልጽ ጨምሯል፤ ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን የቡድኑ አሰልጣኝም አይቷል። ምርመራ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ወረፋ አለው፣ ፌሪቲን የተባለው ደግሞ በየላብራቶሪው አይሠራም። እንክብሉ ግን ርካሽ ነው። በየቀኑ ሥጋና እንቁላል ለልጁ የሚያቀርብ አባትስ በዚህ ኑሮ ስንት ነው? ለጥንቃቄ ተብሎ አንድ እንክብል በቀን ቢሰጠው ጉዳቱ የቱ ላይ ነው?

የጀጎል ሥነ ምግብ

የለገሃር አባት ያነሡት ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ከፊሉን ልቀበለው እወዳለሁ። በመደበኛ መጠን የተዘጋጀ መልቲቫይታሚን፣ ምግቡ ለተጓደለ ልጅ በቀን አንድ ቢሰጠው ጉዳት ያደርሳል ብዬ አልናገርም። የልጅዎን መሻሻል ግን ለእንክብሉ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡ፦ ከ15 ወደ 16 የሚሻገር ወንድ ልጅ ቁመቱ ይጨምራል፣ ጡንቻው ይወፍራል፣ ቴስቶስትሮን በተባለው የወንድ ሆርሞን ምክንያት ሄሞግሎቢኑ ራሱ ከፍ ይላል። እንክብሉን ባይወስድም ይፈጥን ነበር። በዚህ ዕድሜ የተሰጠ ማንኛውም ነገር የሠራ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ የእንክብል ነጋዴዎችም ይህን አሳምረው ያውቁታል።

ትልቁ ጉዳት ያለው ሌላ ቦታ ነው። የአይረን እጥረት ያለባት ልጅ መልቲቫይታሚን ጀመረች ማለት በቤቱ ሁሉ «ሕክምና ላይ ናት» ተብላ ትተዋለች፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለው አይረን ግን የተሟጠጠ ክምችትን ለመመለስ አይበቃም። እንዲህ እየሆነ ወራት ያልፋሉ።

አሁን ወደ ማዕድ ልምጣ። ጤፍ በአይረን የበለጸገ ነው ሲባል ትኮራላችሁ፤ እኔም እኮራለሁ። ሆኖም በጤፍ ላይ ከሚለካው አይረን አንዱ ክፍል በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ ቀሪውም ፋይቴት በሚባል ውህድ ስለሚያዝ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። በእኛ አካባቢ የሚዘወተረው የማሽላ እንጀራም ፋይቴት አለው፤ አንዳንዱ ቀይ ማሽላ ደግሞ ታኒን የተባለ፣ እሱም አይረንን የሚይዝ ውህድ ይጨምርበታል። የእርሾው መብላላት ፋይቴቱን ስለሚቀንሰው በደንብ የቦካ እንጀራ ቶሎ ከተጋገረ ቂጣ ይሻላል። በዚህ ረገድ አያቶቻችን ያለ ላብራቶሪ ትክክል ነበሩ።

ከዚያ የሚመጣው ሻይ ነው። በድሬዳዋና በሐረር ምግብ ያለ ሻይ አያልቅም፤ ፈጢራም ሳምቡሳም ከሻይ ጋር ነው የሚበላው። በሻይና በቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን አይረን ይዘው ያስቀራሉ። ሻዩን መከልከል አያስፈልግም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ይበቃል። በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ ያንኑ አይረን እንዲገባ ይረዳዋል፦ ምስር ወጥ ከበላች በኋላ ዘይቱን ብትበላ፣ ወይም ሰላጣዋ ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት፣ ከምስሩ የምታገኘው አይረን ይጨምራል። መቶ ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ የዚህች ልጅ የቀን ፍላጎት 65 ሚሊግራም ነው። በወቅቱ አንድ ዘይቱን የምትበላ ልጅ የቫይታሚን ሲ እንክብል ምን ያደርግላታል? እንዲያውም በብዛት መውሰድ ልምምዱ ራሱ በጡንቻ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሊያደበዝዝ ይችላል። ኖርዌይ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ለ11 ሳምንት በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር የወሰዱ ወጣት ጎልማሶች በጡንቻቸው ውስጥ የሚጠበቀው የሚቶኮንድሪያ (በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ክፍሎች) ዕድገት እንደ ሌሎቹ እንዳልጨመረላቸው አሳይቷል፤ የመጨረሻው የብቃት ልኬት ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል አልተለየም። ጥናቱ በታዳጊዎች ላይ አልተሠራም፤ ቢሆንም «ብዙ ከሆነ ይሻላል» ለሚል ወላጅ ለመመለስ ይበቃል።

ከሥጋ የሚገኘው አይረን በቀላሉ ስለሚገባ ጥቂቱም ይጠቅማል፤ ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ለካልሲየም በቀን 1,300 ሚሊግራም ያስፈልጋል፤ ግማሽ ሊትር ወተት ወደ 600 ሚሊግራም ይሰጣል፣ የግመል ወተትም ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሰው በሕይወቱ ከሚኖረው የአጥንት ጥንካሬ አብዛኛው የሚገነባው እስከ 18 ወይም 20 ዓመት ድረስ ስለሆነ፣ ወተትን ለሕፃን ብቻ የሚያስብ ቤት ታዳጊውን ይበድላል።

የገንደ ቆሬ እናት

የጀጎሏ ወይም የጀጎሉ ባለሙያ (ማን እንደሆኑ አላውቅምና ይቅርታ) ስለ ምግብ ዓይነት ብዙ ተናገሩ፤ ስለ መጠኑ ግን ማንም አልጠየቀም። እኔ የሁለት ሯጭ ሴቶች ልጆች እናት ነኝ። አሰልጣኝ፣ ልጅቷ በቂ ትበላለች? ከንጋቱ 12 ሰዓት ባዶ ሆዷን ልምምድ ትወጣለች፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ማታ ደግሞ የቤት ሥራ አለባት። ከዚህም ሌላ ቀጭን ሯጭ ትፈጥናለች የሚል ወሬ በልጆቹ መካከል ስለሚዞር አንዳንዶቹ ሆን ብለው ምግብ ይቀንሳሉ።

ወር አበባዋ እንዳልቀረ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ከወንድ አሰልጣኝ ይልቅ እናቷ ወይም ሴት መምህር ብትጠይቃት ይሻላል፤ ለእርስዎ አትመልስልዎትም።

የጀጎል ሥነ ምግብ

ጀጎሏ ነኝ፤ እኅቴ፣ ያነሡት ነገር ከእኔ ጽሑፍ ሁሉ ይቀድማል። ልጅ ከምታቃጥለው ያነሰ ስትበላ ሰውነት ለዕድገት፣ ለአጥንትና ለወር አበባ የሚያውለውን ኃይል ይቆጥባል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ይህን ችግር በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት ብሎ ይጠራዋል፤ በሴቶችም በወንዶችም ይደርሳል። ወር አበባዋ ለሦስት ወር የቀረ ወይም በ15 ዓመቷ ገና ያልጀመረ ሯጭ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት። ይህን የሚሞላ ቫይታሚን የለም፤ የሚሞላው ሳህኑ ነው። ከልምምድ በፊት ሙዝ ወይም ቴምር፣ ከልምምድ በኋላ ደግሞ ቁርስ ሳይዘገይ ይቅረብላት። ከባቢሌ የሚመጣው ኦቾሎኒም በጥቂት ብር ብዙ ኃይልና ማግኒዚየም የሚሰጥ በመሆኑ ከማንኛውም ዱቄት በፊት እሱን አስቀድማለሁ።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ በጾም ወራት ጾማ በፍስክ ወራት ወተትና እንቁላል የምታገኝ ልጅ ከዚህ የተነሣ አትወድቅም። በጾም ጊዜ የሚያሳስበኝ የምግቡ መጠን ማነሱ ነው። በረመዳን ለሚጾሙትም እንዲሁ፤ ከባዱ ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ቢዞር፣ ሱሑርም ባይዘለል መልካም ነው።

የደቻቱ ሯጭ

ስለ ጨው ማንም አላነሣም፤ እኛ ግን ያለነው ድሬዳዋ ነው። በዚህ ሙቀት የሚሮጥ ልጅ በላቡ ከሁሉም በላይ የሚያጣው ማዕድን ሶዲየም ነው፤ ልብሱ ሲደርቅ የሚታየው ነጭ ዱካ እሱ ነው። በእኔ ጊዜ የጡንቻ መሸማቀቅ ሲይዘን ማግኒዚየም ውሰዱ እንባል ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለ በኋላ ተረዳሁ። ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ልምምድ ውኃና በቤት የተሠራ ጨው ያለው ምግብ ይበቃል። ከዚያ በላይ በሙቀት ለሚቆይ ልጅ ውኃ ብቻ ያለ ልክ ማጠጣት የደም ሶዲየምን ሊያወርድ ስለሚችል ጥቂት ጨው የገባበት መጠጥ ያስፈልጋል። የጨው እንክብል ግን ለታዳጊ አልመክርም።

የከዚራው ፋርማሲስት

ወደ ዱቄቱ ልመለስ፤ እስካሁን ማንም አልነካውም። በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ አንድ ስፖርተኛ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ነው፤ «አባቴ የሰጠኝ ነው» ማለት ውጤቱን አይሽርም። በየአገሩ በተደረጉ ምርመራዎች አንዳንድ ማሟያዎች በላያቸው ያልተጻፈ አነቃቂ ወይም ስቴሮይድ ይዘው ተገኝተዋል፤ በተለይ ጡንቻ ይገነባሉ፣ ውፍረት ይቀንሳሉ ተብለው የሚሸጡት። ይዘቱ በግልጽ ያልተጻፈበትን ዱቄት ለአባቷ ይመልሱላቸው። ጥያቄ ካላቸው የኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ በእኛ ከተማ ዝም የሚባልበትን ነገር ልናገር፦ ጫት። በፈተና ሰሞን ላለመተኛት የሚቅሙ ተማሪዎች አሉ፤ ከእነሱም መካከል ሯጮች ይኖራሉ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ታኒንም አለው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው፤ ሌላው አነቃቂው ካቲን ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም ሲበልጥ ጥሰት ይሆናል። አሰልጣኞች ይህን ለልጆቹ በግልጽ ይንገሩ።

የሳቢያን አሰልጣኝ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክራችሁን ተከትዬ ወላጆቿ ወደ ሐኪም ወስደዋታል። በእናቷ ፈቃድ ውጤቱን ልጻፍ፦ ወባም ትልም አልተገኘባትም፤ ሄሞግሎቢኗ በዴሲሊትር 12.4 ግራም፣ ፌሪቲኗ ደግሞ በሊትር 9 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኝቷል። ወር አበባዋ አልቀረም፤ እንዲያውም ብዙ ይፈስሳታል። ቁርስ ግን እስከ ረፋድ ድረስ እንደማትበላና ከምሳ ጋር ሁልጊዜ ሻይ እንደምትጠጣ ለእናቷ ነግራታለች። ሐኪሙ አይረን አዝዞላታል። አባቷ ዱቄቱን ወስደዋል፤ መልቲቫይታሚኑን ግን «ከተገዛ ወዲያ» ብለው እየሰጧት ነው፤ በዚህ አልተጣላኋቸውም። አሁን የምጠይቀው መድኃኒቱን መቼ ትውሰድ፣ መቼስ ወደ ከባድ ልምምድ ትመለስ የሚለውን ነው።

ላብራቶሪ ዘጠኝ

ይህ ውጤት ቀደም ብዬ የጻፍኩትን ዓይነት ነው፤ ሄሞግሎቢን ብቻ ቢታይ ኖሮ «ደኅና ነሽ» ተብላ ትመለስ ነበር። ሄሞግሎቢኗ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል፤ ክምችቷ እስኪሞላ ግን ወደ ሦስት ወር ይወስዳል። ስለዚህ ትንፋሿ በተመለሰ ማግሥት መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ ፌሪቲኑም ከሦስት ወር በኋላ ይደገም። እስከዚያው ቀላል ሩጫዋን ትቀጥል፤ ፈጣን ድግግሞሹን ምልክቱ ሲጠፋ ሐኪሙን ጠይቀው ይጨምሩላት።

የከዚራው ፋርማሲስት

ስለ ሰዓቱ፦ ከልምምድ በኋላ ባሉት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓታት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ከፍ ብሎ አይረን እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ልምምዷ ጠዋት ከሆነ ከልምምዱ በፊት ወይም እንዳበቃች ወዲያው፣ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ትውሰደው፤ በሻይና በወተት አይሁን። ቀን እየዘለሉ መውሰድ የተሻለ እንደሚገባ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ሆዷን ካመማት ሐኪሙ ወደዚያ ሊቀይርላት ስለሚችል ይጠይቁት። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ፤ ከመድኃኒቱ ነው። መልቲቫይታሚኑ ውስጥም አይረን ካለ ለሐኪሙ ይነገረው። ከሁሉም በላይ ቤት ውስጥ ታናናሽ ወንድምና እኅት ካሏት ብልቃጡ ከእጃቸው ይራቅ፤ ጥቂት የአይረን እንክብል የዋጠ ሕፃን ለሕይወቱ ያሰጋል፣ ሽፋኑም ከረሜላ ስለሚመስል ልጆች ይጓጉለታል።